በአካል የሚጓዝ ቅርስ

የሴት አካል በብዙ ማኅበረሰቦች ዘንድ የወል ትዝታ ማኖሪያ ነው። አንዲት ሴት የማን ወገን እንደሆነች፣ ያገባች ትሁን ያላገባች፣ አራስ ትሁን ሐዘንተኛ፣ በየትኛው እምነት እንዳደገች በፀጉሯ፣ በቆዳዋና በመዓዛዋ ይታወቅ ነበር። መጻፍና ማንበብ የጥቂቶች ሙያ በነበረበት ዘመን ይህ ምልክት እንደ መታወቂያ ወረቀት፣ እንደ ጋብቻ ምስክርና እንደ ዘር ሐረግ መዝገብ ያገለግል ነበር።

ብሪታኒያዊው ምሁር ፖል ኮነርተን እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ማኅበረሰቦች ያለፈውን የሚያስታውሱት በመዝገብና በሐውልት ብቻ እንዳልሆነ አስረድቷል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አቀማመጥ፣ የለቅሶ ሥርዓት፣ የሰላምታ አሰጣጥ ሁሉ ከአያት ከቅድመ አያት የተወረሰ ነው። ወራሹም ማብራሪያ ሳይሰጠው፣ አይቶና ደጋግሞ በመሥራት የራሱ ያደርገዋል።

ወንዶችም ምልክት አላቸው፤ አፄ ቴዎድሮስና አፄ ዮሐንስ 4ኛ በሹሩባቸው ይታወቃሉ። ይሁንና በሴቶች ላይ ይበዛል። አንደኛው ምክንያት ጋብቻ ነው። በብዙ የኢትዮጵያና የኬንያ ማኅበረሰቦች ሙሽራዋ የወላጆቿን ቤት ትታ ወደ ባሏ ወገን ትሄዳለች፤ ይዛ ከምትሄደው ሁሉ ማንም የማይወስድባት በላይዋ ያለውን ነው። ሁለተኛው ምክንያት የሥራ ክፍፍል ነው። ሙሽራ ማስጌጥ፣ አራስ ማረስ፣ ፀጉር መሥራትና ሙሾ ማውጣት በአመዛኙ የሴቶች ድርሻ በመሆኑ አውራሿም ወራሿም ሴት ናት።

በአካል የሚያዘው ቅርስ በዕድሜው ከሦስት ሊከፈል ይችላል። ንቅሳትና ጠባሳ ዕድሜ ልክ ይኖራሉ። ሹሩባ፣ ሂናና ጢስ በየሳምንቱ ወይም በየወሩ ይታደሳሉ። ውዝዋዜ፣ ሙሾና የእጅ ሙያ ደግሞ የሚታዩት በሚከወኑበት ሰዓት ብቻ ነው። የማይለቅ ምልክት ከሁሉ ይበልጥ ዘላቂ ይመስላል፤ ባለፉት አሠርት ዓመታት የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ወደ ልጆች ሳይተላለፍ እየቀረ ያለው በቆዳ ላይ የሚቀረው ሲሆን፣ ከተሜነትንም ስደትንም ተሻግሮ የዘለቀው በየጊዜው የሚታደሰው ነው።

ከቆዳ የማይለቅ ምልክት

በአማራና በትግራይ ገጠር ያደጉ ብዙ እናቶች ንቅሳት አላቸው፤ ግንባር ላይ መስቀል፣ አንገት ዙሪያ የተደራረቡ መስመሮች፣ አገጭና መንጋጋ ላይ ነጠብጣብ፣ እጅ ላይ ጌጥ። ነቃሿ ብዙ ጊዜ በዕድሜ የገፋች የአካባቢው ሴት ስትሆን፣ የምትሠራበት መርፌ ወይም እሾህ፣ ቀለሙም በቅጠል ጭማቂ የተለወሰ ጥላሸት ነበር። ድድም ይነቀሳል፤ የጠቆረ ድድ ጥርስን አንጥቶ ያሳያል፣ እንዳይደማም ይረዳል ተብሎ ይታመናል። የግንባሩ መስቀል ክርስቲያንነትን ይመሰክራል፣ ከቡዳም ይጠብቃል ይባል ነበር። በሌላ በኩል የቤተ ክርስቲያን መምህራን በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ቁጥር 28 ያለውን ክልከላ እየጠቀሱ ሰውነትን መነቀስን ይነቅፋሉ። የግንባር መስቀል እንግዲህ ምእመናን በልማድ ያቆዩት እንጂ ከመምህራን የመጣ ሥርዓት አይደለም።

ንቅሳት የማይለቅበት ምክንያት በሰውነት አሠራር ይገለጻል። ቀለሙ ከላይኛው የቆዳ ሽፋን ሥር ሲገባ በሽታ ተከላካይ ሕዋሳት ይውጡታል። እነዚህ ሕዋሳት ሲሞቱ የለቀቁትን ቀለም አዲሶቹ ይረከባሉ። የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በ2018 ይህን ቅብብል በአይጦች ላይ አሳይተዋል። በአሮጊት አንገት ላይ የሚታየው ሰማያዊ መስመር በልጅነቷ በገባው ቀለም የተሠራ ቢሆንም፣ የያዙት ሕዋሳት ግን ብዙ ጊዜ ተለዋውጠዋል።

ልማዱ የተዳከመው በአንድ ምክንያት አይደለም። ሴት ልጆች ትምህርት ቤት ገቡ፤ ከገጠር ወደ ከተማ የመጣች ሴት ንቅሳቷ የባላገርነት መለያ ሆኖ ተቆጠረባት፤ በጋራ መርፌ መነቀስ ኤችአይቪንና የጉበት ቫይረስን እንደሚያስተላልፍ የጤና ባለሙያዎች አስጠነቀቁ። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ የወጣትነት ንቅሳታቸውን በሌዘር የሚያስጠፉ እናቶችና በማሽን አዲስ ንቅሳት የሚያሠሩ ወጣቶች በአንድ ከተማ ይኖራሉ። የእናቶቹን ማኅበረሰቡ መርጦላቸዋል፤ የወጣቶቹን ራሳቸው መርጠዋል። አገር መለወጥም የምልክቱን ትርጉም ይለውጣል። በ1984 እና በ1991 በተካሄዱት ዘመቻዎች ወደ እስራኤል ከተወሰዱት ቤተ እስራኤላውያን መካከል ፊታቸውና አንገታቸው የተነቀሰ እናቶች ነበሩ። በጎንደር ገጠር ማንም ልብ የማይለው ጌጥ በእስራኤል ከየት እንደመጡ ገና ከሩቅ የሚናገር ምልክት ሆነ።

በደቡብ ኦሞ የሙርሲ ሴቶች የከንፈር ገል በውጭ አገርም በሰፊው ይታወቃል። ልጃገረዷ ለአካለ መጠን ስትደርስ እናቷ ወይም ሌላ ሴት የታችኛውን ከንፈሯን ትበሳና እንጨት ትሰካበታለች። ቀዳዳው በወራት ውስጥ እየሰፋ ሲሄድ ከሸክላ ወይም ከእንጨት የተሠራ ክብ ገል ይገባበታል። ምን ያህል እንደሚሰፋ የምትወስነው በአብዛኛው ራሷ ልጅቷ ናት። ገሉን የምታደርገው ሁልጊዜ ሳይሆን ለእንግዶች ምግብ ስታቀርብ፣ በበዓልና በመሳሰሉት ጊዜያት ነው። በሙርሲ ለረጅም ዓመታት ጥናት ያካሄደው ዴቪድ ተርተን፣ ልማዱ ሴቶቹን ለባሪያ ፈንጋዮች አስቀያሚ ለማድረግ የተጀመረ ነው የሚለው ወሬ ማስረጃ የሌለው መሆኑን ጽፏል። በ2004 ባወጣው ጽሑፍም ፎቶ ለማንሳት የሚከፍሉ ጎብኚዎችና ለመነሳት የሚያስከፍሉ ሴቶች የሚገናኙበትን ያልተመጣጠነ ገበያ መርምሯል። በሠርግና በድግስ የክብር ምልክት የነበረው ገል ካሜራ ፊት ለሽያጭ የሚቀርብ ትርኢት ሆኗል።

በዚያው ዞን በሐመሮች ዘንድ ወጣቱ ከብት የሚዘልበት ሥርዓት ሲደርስ፣ እህቶቹና ሌሎች ዘመድ ሴቶች በቀጭን አርጩሜ እንዲገረፉ ራሳቸው ይጠይቃሉ። ጀርባቸው ላይ የሚቀረው ጠባሳ ለወንድማቸው የከፈሉት ዋጋ ነው። ችግር በደረሰባቸው ጊዜ ሊደርስላቸው የሚገባ መሆኑን ይመሰክራል። ጠባሳው በሐመሮች ዓይን የዝምድና ውል ነው፤ ከውጭ ለሚያይ ግን በሴት አካል ላይ የተጻፈ ጥቃት ነው። ሁለቱም አስተያየቶች በአገር ውስጥ ክርክር ውስጥ አሉ።

ፀጉር

ፀጉር በየጊዜው ስለሚያድግ የሕይወትን ደረጃዎች ለማሳየት ይመቻል። በቀድሞው የሰሜን ኢትዮጵያ ልማድ ሕፃናት ቁንጮ ይተውላቸዋል፤ ያላገባች ልጃገረድ መሐል አናቷ ተላጭቶ ዙሪያውን ብቻ ፀጉር ይቀርላታል። ይህ ሳዱላ ይባላል። ስታገባ አናቷ ላይ ያለው ፀጉር እንዲያድግ ይደረግና ሙሉ ሹሩባ ትሠራለች። ሐዘን የደረሰባት ሴት ፀጉሯን ትላጫለች ወይም ሳትሠራ ትተወዋለች። ሰዎች ሳይጠይቁ ያውቃሉ።

ተመሳሳይ ሥርዓት ከሰሜን ኢትዮጵያ እጅግ ርቀው በኢትዮጵያና በኬንያ ድንበር ግራና ቀኝ በሚኖሩት ቦረናዎች ዘንድም ይገኛል። በእነርሱም ባህል ያላገባች ልጃገረድ አናቷን ትላጫለች፣ ስታገባ ፀጉሯን አሳድጋ ትጎነጉናለች። ሐረር ውስጥ ያገባች ሴት ፀጉሯን ከሁለት ከፍላ ከጆሮዎቿ ኋላ ትጠቀልልና ጉፍታ በሚባል መረብ ትሸፍነዋለች። ቋንቋና ሃይማኖት የተለያዩ ቢሆኑም ሦስቱም ማኅበረሰቦች ጋብቻን በራስ ፀጉር ያውጃሉ።

ሹሩባ መሠራት ራሱ ትምህርት ቤት ነው። ተሠሪዋ ከሠሪዋ ጉልበት ሥር ትቀመጣለች፤ ሥራው ሰዓታት ይፈጃል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የዘመድ ዝርዝር፣ የሠርግ ወሬ፣ የመድኃኒትና የምግብ ዕውቀት ይተላለፋል። በነሐሴ አጋማሽ በትግራይ አሸንዳ፣ በዋግ ኽምራ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ እየተባለ በሚከበረው የልጃገረዶች በዓል የፀጉር አሠራር የበዓሉ አንድ ክፍል ነው። ልጃገረዶቹ በወገባቸው ከሚያስሩት ለምለም ሣር ባልተናነሰ ለሹሩባቸው ይጨነቃሉ። ያረጁ አሠራሮች በዓመት አንድ ጊዜ በዚህ ሰበብ ይታደሳሉ።

ቀለምና ጢስ

በደጋው ኢትዮጵያ ሴቶች እጅና እግራቸውን የሚያቀሉት በእንሶስላ ነው። የዚህ ተክል ሥር ተቀጥቅጦ በመዳፍና በተረከዝ ላይ ይታሰራል፣ ሲነሳ ቀይ ቡናማ ቀለም ይተዋል። በሐረር፣ በሶማሌና በስዋሂሊ ጠረፍ ያለው ሂና ከሌላ ተክል ቅጠል የሚገኝ ሲሆን፣ በውስጡ ያለው ቀለም በቆዳና በጥፍር ካለው ኬራቲን ጋር ይዋሐዳል። በቆዳ ላይ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ይቆይና ቆዳው ሲላጥ አብሮ ይሄዳል። በ2024 ዩኔስኮ የሂናን ሥርዓት በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሯል። ጥያቄውን ያቀረቡት ሱዳንን ጨምሮ 16 የአረብ አገሮች ናቸው፤ ኢትዮጵያና ኬንያ በዝርዝሩ የሉበትም።

ጢስ ከቀለም የጠለቀ ትዝታ ይይዛል፤ ሽታ ከሌሎች የስሜት ሕዋሳት ይልቅ ስሜትና ትዝታ ወደሚከማቹባቸው የአንጎል ክፍሎች በአጭር መንገድ ይደርሳልና። በወሎና በአካባቢው ሙሽሮችና አራሶች ወይባ ጢስ ይሞቃሉ። መሬት ላይ ትንሽ ጉድጓድ ተቆፍሮ የወይባ እንጨት ይጨስበታል፤ ሴቲቱ በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ተጠቅልላ ትቀመጥበታለች። ቆዳዋ ይለሰልሳል፣ ወዝ ያወጣል፣ መዓዛውም ለቀናት አይለቃትም። ትግራይና ኤርትራ ተመሳሳይ ሥርዓት አላቸው። ሱዳኖች ዱኻን ይሉታል። ሶማሌዎች ልብሳቸውንና ቤታቸውን የሚያጥኑበት ኡንሲም የዚህ ሰፊ የመዓዛ ባህል አካል ነው።

እንቅስቃሴ፣ ሥራና አጥንት

በአካል ከሚያዘው ቅርስ ሰፊው ክፍል ቋሚ ምልክት የለውም። እስክስታ በትከሻ፣ በአንገትና በደረት ይጨፈራል፤ ጎጃም፣ ጎንደር፣ ወሎና ሸዋ እያንዳንዳቸው የራሳቸው አመታትና አረጋገጥ ስላላቸው ያደጉበት ሰዎች ጨፋሪዋ ከየት እንደሆነች ከትከሻዋ ይለያሉ። ለቅሶ ቤት አልቃሿ የሟቹን ስም፣ ዘርና ሥራ በግጥም እያነሳች ታስለቅሳለች፤ ሐዘንተኞቹ ደረታቸውን እየደቁ ይቀበሏታል። ግጥሙ ሳይጻፍ የሚቆየው በዜማውና በአካል ምት ስለሚያዝ ነው።

ሥራም በአካል ላይ ይጻፋል። በድንጋይ ወፍጮ ስትፈጭ የኖረች፣ እንስራ በጀርባዋ አዝላ ዳገት የወጣች፣ ከእንጦጦ ጫካ የማገዶ ሸክም ተሸክማ አዲስ አበባ የወረደች ሴት የሥራዋን ታሪክ በወገቧና በጉልበቷ ይዛለች። በ2017 የታተመ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ጥናት በመካከለኛው አውሮፓ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት የኖሩ ገበሬ ሴቶችን አጥንት ከዛሬ ስፖርተኞች ጋር አነጻጽሯል። የጥንቶቹ ሴቶች የክንድ አጥንት ከከፍተኛ ደረጃ ቀዛፊ ሴቶች የበለጠ ጠንካራ ሆኖ ተገኝቷል፤ ተመራማሪዎቹ እንደ ምክንያት ካነሷቸው ሥራዎች አንዱ እህል በድንጋይ መፍጨት ነው። መዝገብ ያልጠቀሰውን የሴቶች ድካም አጥንት መዝግቦታል።

ከዚህም የራቀ ታሪክ አለ። ኅዳር 1974 በአፋር ሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረች ስትሆን፣ ከአጽሟ 40 በመቶ ያህሉ ተገኝቷል። ጉልበቷና ዳሌዋ በሁለት እግር መሄድ ከትልቅ አንጎል እንደቀደመ አስረድተዋል። በሕያዋን አካል ውስጥ ደግሞ ከእናት ብቻ የሚወረስ የማይቶኮንድሪያ ዘረመል አለ። ርብቃ ካን፣ ማርክ ስቶንኪንግና አለን ዊልሰን በ1987 ባሳተሙት ጥናት ይህን ዘረመል ከእናት ወደ እናት ወደ ኋላ ተከትለው፣ የዛሬ ሰዎች የጋራ እናት ከ200,000 ዓመት ገደማ በፊት በአፍሪካ እንደኖረች ገምተዋል። ወንድ ልጅም ይህን ከእናቱ ይወርሳል፤ ለልጆቹ ግን አያስተላልፍም።

ቁስልና ሕግ

አካል ከሚሸከማቸው ልማዶች ከባዱ የሴት ልጅ ግርዛት ነው። ልጅቱ ሳትጠየቅ ይፈጸማል፣ ሊመለስ አይችልም፣ የጤና ጥቅም የለውም። ደም መፍሰስ፣ ኢንፌክሽንና የወሊድ ችግር ያስከትላል። በአፋርና በሶማሌ ማኅበረሰቦች ያለው የመስፋት ዓይነት ከሁሉ የከፋው ነው። የሚፈጽሙት ብዙ ጊዜ ሴቶች ሲሆኑ፣ የሚያስፈጽሙትም ልጃቸው እንዳትገለልና እንድታገባ የሚመኙ እናቶች ናቸው። ልማዱ የጸናው በጭካኔ ሳይሆን በጋብቻ ገበያ ግዴታ በመሆኑ፣ አንድ ቤተሰብ ብቻውን ሊተወው ይቸገራል።

በ2004 የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 565 እና 566 ግርዛትንና መስፋትን ወንጀል አድርጓል። የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች እንደሚያሳዩት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ኢትዮጵያውያት መካከል የተገረዙት በ2000 80 በመቶ ሲሆኑ፣ በ2016 ወደ 65 በመቶ ወርደዋል። ኬንያ በ2011 ራሱን የቻለ ሕግ አውጥታለች፤ ልጅን ለማስገረዝ ድንበር ማሻገርም ያስቀጣል። በኬንያ ቁጥሩ በ1998 ከነበረበት 38 በመቶ በ2022 ወደ 15 በመቶ ወርዷል።

ሕጉ ብቻውን የሠራው አይደለም። በከምባታ ቦጋለች ገብሬ በ1997 የመሠረተችው ኬኤምጂ የተባለ ድርጅት ሰዎችን በየመንደሩ አሰባስቦ አወያይቷል፤ ያልተገረዙ ሙሽሮችን በአደባባይ የሚዳሩ ቤተሰቦች ሲታዩ የጋብቻው ፍርሃት ተሰበረ። ቦጋለች በ2019 እስክታርፍ ድረስ በዚሁ ሥራ ቆይታለች። በኬንያ ታራካ በ1996 የተጀመረው የግርዛት አማራጭ ሥርዓት ደግሞ ልጃገረዶቹን ለአንድ ሳምንት ያህል ለብቻ ማስተማሩን፣ ስጦታውንና ድግሱን አስቀርቶ ሳይሆን ምላጩን ብቻ አስቀርቶ ቀጠለ። ቅርሱ ያለው በቁስሉ ሳይሆን በምክሩና በመሰባሰቡ መሆኑን ሁለቱም አሳይተዋል።

ድንበር ሲሻገር

የሚታደሰው ቅርስ ጥንካሬ በስደት ከተሞች ይበልጥ ይታያል። ለምሳሌ ሳውዝ ሲ በደቡብ ናይሮቢ፣ በዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ያለ የመኖሪያ ሰፈር ነው። የሶማሌ ተወላጆችና ሌሎች ሙስሊም ማኅበረሰቦች በብዛት ይኖሩበታል። እንዲህ ባሉ የናይሮቢ ሰፈሮች የሶማሌ፣ የቦረና፣ የስዋሂሊና የሐበሻ ሴቶች ጎረቤታሞች ናቸው። ኢትዮጵያውያን ስደተኞች በብዛት ወደ ኬንያ የገቡት በ1991 የመንግሥት ለውጥ ጊዜ ሲሆን፣ ከዚያም ወዲህ ፍልሰቱ አልተቋረጠም።

ስደተኛዋ መሬቷን፣ ከብቷንና ቤቷን ትታ ትመጣለች። ሹሩባ መሥራትን፣ ኩል መኳልን፣ ዕጣን ማጨስንና ሂና መቀባትን ግን ድንበር ላይ የሚያስቀርባት የለም። እነዚህ ሙያዎች መተዳደሪያም ይሆናሉ። በናይሮቢ ሹሩባ ሠሪዎችና ሂና ቀቢዎች ደንበኞቻቸው ከአንድ ብሔረሰብ ብቻ አይደሉም፤ የስዋሂሊ ጥለት በሶማሌ ሙሽራ እጅ ላይ፣ የኬንያ ማቱታ ጉንጉን በሐበሻ ልጅ ራስ ላይ ይታያል። መዋዋሱ ችግርም አለው። ፒኮ የሚባለው ጥቁር ቀለም ብዙ ጊዜ ፒፒዲ የተባለ የፀጉር ማቅለሚያ ኬሚካል አለበት፤ ቆዳን ሊያቃጥልና ዕድሜ ልክ የሚቆይ አለርጂ ሊያስከትል ይችላል። ንጹሕ ሂና ቀይ ቡናማ እንጂ ጥቁር አይደለም።

ፀጉር በናይሮቢ ፍርድ ቤትም ቀርቧል። በመስከረም 2019 የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ድሬድሎክ በመያዟ ከትምህርት ቤት የተባረረች የኪበራ አካባቢ የራስታፈሪ እምነት ተከታይ ተማሪ ወደ ክፍል እንድትመለስ ወስኗል። ፀጉሩ የእምነቷ ክፍል መሆኑን ፍርድ ቤቱ ተቀብሏል። ራስታፈሪ አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1930 ከነገሡ በኋላ በጃማይካ የበቀለ እምነት ነው፤ የአዲስ አበባ ታሪክ በካሪቢያን ዞሮ በአንዲት የናይሮቢ ልጅ ፀጉር ምክንያት ለፍርድ ቀረበ።

መመዘኛው

በ2003 የጸደቀው የዩኔስኮ የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች ስምምነት፣ ኢትዮጵያ በ2006፣ ኬንያ በ2007 የተቀበሉት፣ ለዚህ ሁሉ ሁለት መመዘኛ ይሰጣል። ቅርስ የሚባለው ማኅበረሰቡ እያደሰ የሚፈጥረው ነው፤ ጥበቃ የሚገባውም ከሰብአዊ መብት ጋር የሚስማማው ብቻ ነው። በዚህ ሚዛን ሹሩባ፣ እንሶስላ፣ ወይባ ጢስ፣ እስክስታና ሙሾ ያለ ጥርጥር ያልፋሉ፤ ግርዛት ይወድቃል። ንቅሳትና የከንፈር ገል የሚመዘኑት ልጅቱ በቂ ዕድሜ ላይ ደርሳ፣ አውቃና ፈቅዳ በመቀበሏ ወይም ባለመቀበሏ ነው። የእናቶች የቀድሞ ንቅሳትም በፎቶግራፍ፣ በድምፅና በጽሑፍ ቢመዘገብ፣ በልጆቻቸው ቆዳ ላይ መደገም ሳያስፈልገው ታሪክነቱ ይጠበቃል።